ቀዩ ቀለበት ብርቱካናማ ሲመስል፦ በሞባይል ዳታ የሚበላሹ የድረ ገጽ ምስሎች የጉዳይ ጥናት

ሬዚስተር የሚባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ዋጋው የሚነበበው ላዩ ላይ ካሉት የቀለም ቀለበቶች ነው። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ ከሆነ 1 ኪሎ ኦም ነው። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ ከሆነ 10 ኪሎ ኦም። ሁለቱን ሬዚስተሮች የሚለያቸው ሦስተኛው ቀለበት ብቻ ነው፣ ልዩነቱ ግን አስር እጥፍ። ይህን ከስልክ ስክሪን ላይ የሚያነብ ሰው ቀዩን ከብርቱካናማው መለየት ካልቻለ ፎቶው ከነጭራሹ ባይኖር ይሻለዋል። ፎቶ ካለ ሰው ያምነዋል፣ አምኖም የተሳሳተውን ዕቃ ይበይዳል።

ጉዳዩ የተነሳው የኤሌክትሮኒክስ ጥገና በሚያስተምር አንድ ድረ ገጽ ላይ ነው። ገጹ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነው፣ እኔ የሰርቨሩን በኩል አግዛለሁ። ጽሑፉ አጭር ነው፣ ሥራውን የሚሠሩት ፎቶዎቹ ናቸው። የቦርድ ፎቶ፣ የሬዚስተር ፎቶ፣ የሰርኪዩት ንድፍ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከአንባቢዎች ተመሳሳይ ቅሬታ መምጣት ጀመረ፦ ፎቶዎቹ ደብዛዛ ናቸው፣ ቀለበቶቹ አይለዩም፣ ንድፉ ላይ ያሉት ትንንሽ ቁጥሮች ዙሪያቸው ቆሽሾ ነው የሚታየው። ፎቶዎቹን የሚያነሳው ባልደረባችን በጥሩ ካሜራና በጥሩ ብርሃን ነው የሚሠራው። በእኛ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ "ስልክህ ነው" ነው። እኛ ጋም ተብሏል። ግን አንዱ አንባቢ የጻፈልን ነገር ይህን መልስ ዘጋው። ቤት ዋይፋይ ላይ ሲያየው ደህና ነው፣ ውጭ ሆኖ በዳታ ሲከፍተው ይበላሻል። ያው ስልክ፣ ያው ብሮውዘር፣ ያው ገጽ። የተለወጠው መንገዱ ብቻ ነው።

ማስረጃው ራሱ ሲበላሽ

ከዚያ ማስረጃ መሰብሰብ ነበረብን፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። መጀመሪያ የደረሱን ስክሪንሾቶች ምንም አልረዱንም። በቻት አፕ ነበር የተላኩት፣ ቻት አፖች ደግሞ ፎቶ ሲልኩ ራሳቸው ይጨምቁታል። ስለዚህ የምናየው ቆሻሻ ከኔትዎርኩ የመጣ ይሁን ከቻት አፑ መለየት አይቻልም። ተመሳሳይ ችግር ካጋጠማችሁ ስክሪንሾት አትቀበሉ። ምስሉን ራሱን ስልኩ ላይ ሴቭ አድርጎ እንደ ፋይል እንዲልክላችሁ ጠይቁት። ቴሌግራም ላይ ፎቶን እንደ ፋይል መላክ የሚባለው አማራጭ ለዚህ ጥሩ ነው፣ ኢሜይል ላይ አያይዞ መላክም ይሆናል።

ፋይሎቹ ሲደርሱን ነገሩ ግልጽ ሆነ። ስፋቱና ቁመቱ በፒክሰል ከእኛው ጋር እኩል ነው። የፋይሉ መጠን ግን የእኛን ሩብ አይሞላም። የሁለቱን ፋይሎች ሃሽ፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን መለያ፣ ስናወጣ ደግሞ አይገናኝም። ማለትም ከእኛ ሰርቨር የወጣው ፋይልና አንባቢው ስልክ ላይ የገባው ፋይል አንድ አይደሉም። መሃል ላይ አንድ ነገር ፎቶውን ከፍቶ፣ ጥራቱን ቀንሶ፣ እንደገና ጠቅልሎ ልኮታል።

የፒክሰል ልኩ እኩል መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም "ደብዛዛ ምስል" የሚባለው ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም። ፋይሉ የደረሰው በፒክሰል አንሶ ከሆነ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የገጹ ነው። ገጹ ለብሮውዘሩ የተለያየ መጠን ያላቸው ምስሎችን ዘርዝሮ የሚታይበትን ስፋት ግን አሳንሶ ከነገረው፣ ብሮውዘሩ ትንሹን ይመርጥና ለጥጦ ያሳያል። የፒክሰል ልኩ ትክክል ሆኖ ምስሉ በሙሉ ለስለስ ብሎ ከደበዘዘ ደግሞ ፕሮግረሲቭ ጄፔግ ሊሆን ይችላል። ይህ ዓይነቱ ፋይል መጀመሪያ ብዥ ያለ ሙሉ ምስል ያሳይና ቀስ በቀስ ይጠራል፣ ኔትዎርኩ መሃል ላይ ከተቋረጠ ግን እዚያው ብዥታው ላይ ይቀራል፣ የወረደውም ፋይል ጎዶሎ ነው። የፒክሰል ልኩ ትክክል፣ ፋይሉ ሙሉ፣ ግን በጣም ቀላል ከሆነ፣ በዚያ ላይ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ትንንሽ ካሬዎችና በፊደላት ዙሪያ የተረጨ ነጠብጣብ ካለበት፣ ተጨምቋል። የእኛው ይሄ ሦስተኛው ነበር።

ከዚያ ራሳችን ሞከርነው። ስልክን ሆትስፖት አድርጎ ላፕቶፑን በሞባይል ዳታ ማገናኘት በቂ ነው፣ ምክንያቱም ላፕቶፕ ላይ ፋይል ማውረድም ማነጻጸርም ይቀላል። ፎቶውን በቀጥታ በአድራሻው አወረድን። ከሰርቨሩ ከፋይሉ ጋር የሚመጡትን ሄደሮች፣ ማለትም ስለ ፋይሉ የሚናገሩትን መስመሮች፣ ስናይ እኛ ያልላክነው "ቪያ" የሚባል መስመር ተጨምሯል፣ መሃል ላይ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሰርቨር፣ ማለትም ፕሮክሲ፣ ሲኖር ፕሮክሲው ራሱን የሚያስታውቅበት መስመር ነው። የፋይሉም ርዝመት ሰርቨራችን ከላከው ያነሰ ነው። ቪፒኤን (ግንኙነቱን መስጥሮ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ) ከፍተን ያንኑ ፎቶ ስናወርድ ደግሞ ከኦሪጅናሉ ጋር ባይት በባይት አንድ ሆነ። ከዚህ በኋላ መከራከሪያ አልቀረም። ፎቶውን የሚነካው የሞባይል ኔትዎርኩ ነው።

ፕሮክሲው ምን ያደርጋል?

በዚያ ዘመን ብዙ የሞባይል ኔትዎርኮች ይህን ያደርጉ ነበር፣ እና ከክፋት አልነበረም። የ3ጂ ኔትዎርክ በብዙ ሰው ይጨናነቃል፣ ያኔ ከአንድ ድረ ገጽ ክብደት ደግሞ በአማካይ ከግማሽ በላዩ ምስል ነበር። ምስሉን ብታሳንስ ገጹ ቶሎ ይከፈታል፣ ብዙ ሰውም ይስተናገዳል። ስለዚህ መሃል ላይ አንድ ፕሮክሲ ተቀምጦ በኤችቲቲፒ፣ ማለትም ባልተመሰጠረው የድረ ገጽ መንገድ፣ የሚያልፈውን ምስል ሁሉ እየከፈተ ይጨምቃል። አንዳንዶቹ ኔትዎርኮች ገጹ ውስጥ የራሳቸውን ስክሪፕት ጭምር ያስገቡ ነበር። በላፕቶፕ የሚጠቀም ሰው ምስሉ ላይ ማውዙን ሲያደርግ "ሺፍትና አር ብትጫን የዚህ ምስል ጥራት ይሻሻላል" የሚል መልእክት ያነብባል፣ የምስሉም አድራሻ 1.2.3.4 ወደሚል እንግዳ ቁጥር ተቀይሮ ያገኘዋል። ብዙ የድረ ገጽ ባለቤቶች ያን መልእክት በራሳቸው ገጽ ላይ ሲያዩ ሰርቨራቸው የተጠለፈ መስሏቸዋል፣ አይፈረድባቸውም።

ግን ለምን ቀዩ ብርቱካናማ ይሆናል? ጄፔግ ምስልን 8 በ8 ፒክሰል በሆኑ ካሬዎች ይከፋፍላል። በየካሬው ያለውን ዝርዝር ወደ ቁጥሮች ይለውጥና ዓይን ብዙም አያስተውለውም ብሎ የሚገምተውን ያጠጋጋል፣ ወይም ጭራሽ ይጥላል። ጥራቱን ዝቅ ባደረጋችሁ ቁጥር የሚጣለው ይበዛል። አብዛኛውን ጊዜ ሌላም ነገር ያደርጋል። ብርሃኑን ከቀለሙ ይለያል፣ ከዚያ ብርሃኑን እንዳለ ይተውና ቀለሙን በስፋትም በቁመትም በግማሽ ይቀንሳል። 4፡2፡0 የሚባለው አሠራር ነው፣ በእሱ ሲሠራ አራት ፒክሰሎች አንድ የቀለም መረጃ ይካፈላሉ። ዓይናችን ከቀለም ይልቅ ለብርሃን ንቁ ስለሆነ ለሰው ፊት፣ ለሰማይ፣ ለዛፍ ምንም አይታወቅም። ሬዚስተር ላይ ግን ቀለበቱ ስክሪን ላይ ጥቂት ፒክሰል ብቻ ነው የሚሰፋው፣ አካሉ ደግሞ ፈዛዛ ቡኒ ነው። ቀዩ ከጎኑ ካለው ፈዛዛ ቡኒ ጋር ሲካፈልና ሲደባለቅ ወደ ብርቱካናማ ይጠጋል። 1 ኪሎ የነበረው 10 ኪሎ መሰለ ማለት ነው።

በዚያ ላይ የእኛ ፎቶዎች ከመነሻው ጄፔግ ነበሩ። ፕሮክሲው የጨመቀው አንዴ የተጨመቀውን ነው፣ የመጀመሪያው ጭመቃ የተወውን ጥቃቅን ጉድፍ እንደ እውነተኛ ዝርዝር ቆጥሮ ቦታ ይሰጠዋል፣ እውነተኛውን ደግሞ ይጥላል።

እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ያለኝ አቋም አንድ ነው። መጭመቅ መጥፎ አይደለም፣ ያለ እሱ ድረ ገጽ የሚባል ነገር በሞባይል አይከፈትም ነበር። ግን መጭመቅ ማለት ምን ቢጠፋ ችግር የለውም ብሎ መወሰን ነው። ይህን ውሳኔ መወሰን ያለበት ፎቶው ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነው። መሃል ላይ ያለው ማሽን የሬዚስተር ቀለበትን ከአበባ አይለይም።

ይህ አዲስ ሐሳብም አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1999 የወጣው የኤችቲቲፒ መመሪያ፣ አርኤፍሲ 2616፣ ፕሮክሲዎች ቦታ ለመቆጠብ ወይም ቀርፋፋ መስመርን ለማቃለል የምስልን ዓይነት ሊለውጡ እንደሚችሉ ይናገራል። ወዲያው ደግሞ ለሕክምና ምስልና ለሳይንስ መረጃ ይህ ከባድ ችግር እንደሚያመጣ ያስጠነቅቃል፣ እነዚያ ከኦሪጅናሉ ጋር አንዲት ቢት ሳትለወጥ መድረስ አለባቸውና። መፍትሔም አስቀምጧል። "ካሽ-ኮንትሮል" በሚባለው ሄደር ላይ "ኖ-ትራንስፎርም" የሚል ቃል ከተጨመረ መሃል ያለ ማንም ይዘቱን መንካት የለበትም።

የሠራነው ሥራ

መጀመሪያ ያንን ቃል ጨመርን። ሰርቨሩ ላይ አንድ መስመር ነው። በአንዱ ኔትዎርክ ወዲያው ሠራ፣ ፎቶው ሳይነካ መጣ። በሌላው ምንም አልለወጠም። መመሪያው "የለበትም" ቢልም የሚያስገድድ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህን ሄደር ለድረ ገጹ በሙሉ አትስጡት፣ ለምስሎች ብቻ። አንዳንድ የሰርቨር ሶፍትዌሮች "ኖ-ትራንስፎርም" ሲያዩ ጽሑፉንም በጂዚፕ መጭመቃቸውን ያቆማሉ። የጂዚፕ ጭመቃ ምንም አያጠፋም፣ ጽሑፍን ያቀላል እንጂ። እሱ ከቆመ ገጹ ከበፊቱ ይከብዳል፣ የሚጎዳውም ያው በሞባይል ዳታ የሚጠቀመው ሰው ነው።

ቀጥሎ አንድ ፎቶ በኤችቲቲፒኤስ አስቀምጠን ሞከርን። በሁሉም ኔትዎርኮች ላይ ሳይነካ መጣ። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ከሰርቨሩ እስከ ብሮውዘሩ ድረስ ያለው ሁሉ የተመሰጠረ ስለሆነ መሃል ያለው ፕሮክሲ ባይቶች ሲያልፉ ያያል እንጂ ምስል ይሁኑ ጽሑፍ አያውቅም። ችግሩ ያኔ ለኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገው ሰርተፊኬት በአብዛኛው በገንዘብ የሚገዛና በየጊዜው የሚታደስ መሆኑ ነበር፣ ገቢ ለሌለው ድረ ገጽ ደግሞ ይከብዳል። ነገሩ የተለወጠው ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው አገልግሎት ሰርተፊኬት በነጻ መስጠት ሲጀምር ነው፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ለሁሉም ክፍት ሆነ። ያን ጊዜ ድረ ገጹን በሙሉ ወደ ኤችቲቲፒኤስ አዞርነው።

ቅሬታው ግን አላለቀም፣ ከዚህ በኋላ ያለው ነው ለብዙ ሰው የሚጠቅመው። የአዳዲሶቹ ጽሑፎች ፎቶ ጥርት አለ፣ የድሮዎቹ ግን እንደ ደበዘዙ ቀሩ። ገጹ በኤችቲቲፒኤስ ይከፈታል፣ ውስጡ የተጻፈው የምስሉ አድራሻ ግን ገና በኤችቲቲፒ የሚጀምር ነበር። በዚያን ጊዜ ብሮውዘሮች ለምስል ሲሆን ይህን ዝም ብለው ያሳልፉ ነበር። ስለዚህ ገጹ ተመስጥሮ ይመጣል፣ ፎቶው ብቻውን በድሮው ግልጽ መንገድ ይመጣና ያው ፕሮክሲ ያገኘዋል። ዳታቤዙ ውስጥ ያሉትን አድራሻዎች በሙሉ መለወጥ ነበረብን፣ የሚያመልጥ ካለ ብሎም ብሮውዘሩ ራሱ ወደ ኤችቲቲፒኤስ እንዲያሳድገው የሚያዝ ሄደር ጨመርን። ዛሬ ክሮም ይህን ያለ ሄደርም ራሱ ያደርገዋል፣ ምስሉ በኤችቲቲፒኤስ ካልተገኘ ግን ጭራሽ አያሳየውም። ስለዚህ የድሮ ጽሑፎቻችሁ ላይ ባዶ ሳጥን ካያችሁ መጀመሪያ አድራሻውን እዩ።

ከዚያ በፊት፣ "ኖ-ትራንስፎርም" በሠራበት ኔትዎርክ ላይም ደብዛዛ የሚያዩ ሰዎች ነበሩ፣ እነሱ ባይነግሩን አናውቀውም ነበር። ችግሩ የድሮ ኮፒ ነው። ሰርቨራችን ፎቶዎቹ ለረጅም ጊዜ ካሽ እንዲደረጉ፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ ተቀምጠው እንዲቆዩ፣ ይፈቅዳል። ከ"ኖ-ትራንስፎርም" በፊት የተበላሸው ኮፒ ስልካቸው ውስጥ በዚያው አድራሻ ተቀምጦ ስለነበር ብሮውዘሩ እንደገና አይጠይቅም። መፍትሔው የፋይሉን ስም መለወጥ ነው። ስሙ ሲለወጥ አዲስ ምስል ነው ብሎ እንደገና ያወርደዋል። ምስል አስተካክላችሁ "አሁን እዩት" ከማለታችሁ በፊት ስሙን ለውጡ።

ሰውየው ራሱ ሲመርጠው

ሌላው ቡድን ዳታ ቆጣቢ የሚጠቀሙት ናቸው። ኦፔራ ሚኒ ገጹን በራሱ ሰርቨሮች በኩል አሳልፎ ጨምቆ ነው ለስልኩ የሚልከው፣ በከፍተኛ ቁጠባ ላይ ከሆነ ኤችቲቲፒኤስ ገጾችንም ይጨምቃል። ክሮምም በአንድ ወቅት ተመሳሳይ ነገር ነበረው፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 በክሮም 100 ተነሳ እንጂ።

ይህ ከኔትዎርኩ ፕሮክሲ ይለያል። እዚህ ሰውየው ራሱ አውቆ መርጧል፣ ዳታውን የሚከፍለው እሱ ነው። የእሱን ምርጫ ለማክሸፍ መታገል ተገቢ አይመስለኝም። ያደረግነው ነገር ማሳወቅ ነው። ኦፔራ ሚኒ ሴቲንግ ውስጥ የምስል ጥራትን ከፍ ማድረግ እንደሚቻል በእገዛ ገጻችን ላይ ጻፍን። አንዳንድ ብሮውዘሮች ደግሞ ሰውየው ቁጠባ ላይ መሆኑን "ሴቭ-ዳታ" በሚባል ሄደር ይናገራሉ። ያንን ስናይ የጌጥ ፎቶዎችን እንተዋለን፣ የሬዚስተሩን ቅርብ ፎቶ ግን እንዳለ እንልካለን። መቆጠብ ካለበት መጀመሪያ የሚቀነሰው የማያስፈልገው ነው።

ከዚያ የራሳችን ተራ ደረሰ። ፎቶዎቹ አሁን ሳይነኩ ይደርሳሉ፣ ግን ከባድ ናቸው። ከካሜራው እንደ ወጡ ከ4000 ፒክሰል በላይ የሚሰፉ ነበሩበት። ብዙ ስልክ ስክሪኑ ላይ በስፋት የሚያሳየው 1080 ፒክሰል ያህል ነው፣ የተረፈው ዳታ የከፈለው ሰው ያልተጠቀመበት ነው። ማንም መሃል ገብቶ እንዳይጨምቅ ከልክለህ ራስህ ከባድ ፋይል ብትልክ ሰውየውን አልረዳኸውም።

የቀነስነውም በዓይነት በዓይነት ነው። አጠቃላይ የቦርድ ፎቶ በደንብ ቢጨመቅ ምንም አይሆንም፣ ጨመቅነው። የሬዚስተር ቅርብ ፎቶ ግን መጀመሪያ ዙሪያው ተቆርጦ ቀለበቶቹ ብቻ እንዲቀሩ ተደረገ፣ ከዚያ ቀለሙ ሳይቀነስ በ4፡4፡4 ተቀመጠ። ተቆርጦ ትንሽ ስለሆነ ፋይሉ ቀላል ነው፣ ቀለሙም አልተነካም። እዚህ ላይ ዌብፒ የሚባለውን የምስል ፋይል ዓይነት መጠቀም የሚፈልግ ሰው ይጠንቀቅ። ዌብፒ ዝርዝር በሚጥለው ዘዴ ሲጨምቅ ሁልጊዜ ቀለሙን በ4፡2፡0 ነው የሚያስቀምጠው፣ ሌላ ምርጫ የለውም። ለተራ ፎቶ ግሩም ነው፣ ለቀጭን ባለቀለም መስመር ግን ያንኑ ችግር በገዛ እጅ ማምጣት ነው። አቪፍ የሚባለው ሌላ ዓይነት ግን 4፡4፡4ን ይችላል። የሰርኪዩት ንድፎቹን ደግሞ ከጄፔግ አውጥተን ምስልን በፒክሰል ሳይሆን በመስመር ወደሚገልጸው ኤስቪጂ ቀየርናቸው፣ መስመርና ፊደል ብቻ ስለሆኑ በጣም ቀለሉ፣ የቱንም ያህል ብታጎሏቸውም አይደበዝዙም።

ከሁሉም ትንሹን ሥራ የጠየቀው ለውጥ ግን ከምስል ጋር ግንኙነት የለውም። በየሬዚስተሩ ፎቶ ስር ዋጋውን በጽሑፍ ጻፍን፦ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ 1 ኪሎ ኦም። ጽሑፍን ማንም ፕሮክሲ ጥራቱን አይቀንስም። ፎቶው ጨርሶ ባይከፈትም ይነበባል። ቀይና አረንጓዴን መለየት ለሚቸግራቸው ሰዎችም ይጠቅማል፣ እነሱ ፎቶው የቱንም ያህል ጥርት ቢል ያው ችግር አለባቸው፣ ከዚያ በፊት ግን ማንም አልጠየቀንም ነበር። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያዎችም መረጃን በቀለም ብቻ አታስተላልፉ ይላሉ።

የድሮዎቹ ጽሑፎች በሙሉ አልተስተካከሉም። የአንዳንዶቹ ፎቶ ኦሪጅናል የለም፣ ያለን የተጨመቀው ብቻ ነው፣ የጠፋ ቀለም ደግሞ በምንም ሶፍትዌር አይመለስም። እነሱ ላይ ዋጋው በጽሑፍ ገብቷል፣ ባልደረባችንም ዕቃው በእጁ በገባ ቁጥር እንደገና እያነሳቸው ነው።